አርባ አራት ወንዝ

ቲቸር ቶማስ ራሳቸውን ግራና ቀኝ ሲያወዛውዙ «እሺ» ማለታቸው ነው። መጀመሪያ ሥራ የገባሁ ቀን «ሾርባ ላቅርብ?» ብላቸው አወዛወዙ፤ አልፈልግም ያሉ መስሎኝ ራሴ ጠጣሁት። አመሻሽ ላይ «አይናዲስ፣ ዛሬ ሾርባ የለም?» አሉኝ፣ በዚያ ፍቼ በለመዱት አማርኛ።

ቲቸር የሕንድ ሰው ናቸው፣ ኬረላ ከሚባል ክፍለ ሀገር። በንጉሡ ጊዜ ፍቼ ጂኦግራፊ አስተምረዋል። አሁን አሜሪካ፣ ካምቤል የምትባል ከተማ፣ ልጃቸው ቤት ናቸው፤ እሷ ሥራ ስትውል የምጠብቃቸው እኔ ነኝ። ከአራተኛ ክፍል ማቋረጤን የነገርኳቸው ዕለት ደብተር አስገዙኝ። ኬረላን እንደ ቃሪያ ቀጭንና ረጅም አድርገው ሣሉልኝ፤ በምዕራብ ባሕር፣ በምሥራቅ ተራራ። ጥንት ቁንዶ በርበሬያቸውን ፍለጋ የማይመጣ መርከብ አልነበረም አሉ። ዛሬ ደግሞ ብዙውን ቤት የሠራው ዐረብ አገር የሄደ ልጅ የላከው ነው። ይሄን እንኳ ማስተማር አላስፈለጋቸውም፤ ኩዌት ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። የኬረላ ወንዝ ደግሞ አርባ አራት ነው። አርባ አራቱ ታቦት ብዬ ያዝኩት።

ከሦስት ወር በፊት ስትሮክ መታቸውና አንደበታቸው ተያዘ። ባለፈው ማክሰኞ አንዲት ነርስ ፎርም ይዛ መጣች። አእምሯቸው ከሳተ ነርሲንግ ሆም የሚሉት መጦሪያ ይገባሉ፣ ካልሳተና እሳቸው ከፈለጉ እቤት ይቆያሉ።

«ሚስተር ቶማስ፣ እዚሁ መኖር ይፈልጋሉ?» አለቻቸው።

አወዛወዙ።

«ኖ» ብላ ጻፈች።

«አዎ ነው ያሉት!» አልኳት።

«ሃኒ፣ በዓይኔ ነው ያየሁት።»

«እኔም አይቼ ነበር፤ ሾርባቸውን ጠጣሁባቸው። ሰርዢው!»

ፎርሙ ላይ እጄን ጫንኩ። «ሌላ ነገር ልጠይቃቸውና እዪ።» በሰባራ እንግሊዝኛዬ፣ «ቲቸር፣ የኬረላ ወንዝ አርባ አራት ነው?» አልኳቸው።

አወዛወዙ።

«አየሽ? አርባ አራቱም ወደ ምዕራብ፣ ወደ ባሕር ነው የሚፈሱት፣ አይደል ቲቸር?»

ጣታቸውን አወናጨፉ። አይደለም!

በገዛ አፌ ላስወስዳቸው ነው። ነርሷ እስክሪብቶዋን አነሳች። ቲቸር ግን በደህናው እጃቸው ሦስት ጣት አወጡ፤ ከዚያ ጠዋት ፀሐይ ወደምትወጣበት ወደ ኩሽናው በር ጠቆሙ። ዓይናቸው እኔ ላይ ነው፣ ሰነፍ ተማሪ እንደሚታይ።

«ውይ በሞትኩት! ሦስቱ ወደ ምሥራቅ ነው የሚፈሱት! እኔ ነኝ የረሳሁት!»

ነርሷ ስልኳን አውጥታ ፈለገች። «እውነትም ሦስት ይላል» አለች፣ ድምፅዋ ቀነስ ብሎ። ወንበሯን አስጠግታ እንደገና ጠየቀቻቸው። አወዛወዙ። «ኖ»ውን ሰርዛ «የስ» ጻፈች።

ሸኝቻት ስመለስ ደብተሬን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ጠበቁኝ።

«ሾርባ ላምጣ ቲቸር?»

ጣታቸውን አወናጨፉ። መጀመሪያ ሦስቱን ወንዞች አስሣሉኝ።