ያነበበ አይጫወትም

ልብስ ሰፊው ቀንቶ ነበር። ሌላ ሰው ቢያወራው «ተከፋ»፣ «አኮረፈ» እያለ ያለባብስለት ይሆናል፤ እኔ አላለባብስለትም። ቅናት ነው፣ ያውም እርር ድብን የሚያደርገው ዓይነት። በሰው ሀብት ወይም በሰው መልክ ቢቀና እንኳ ወግ ነው። እሱ የቀናው በሚስቱ ታናሽ እህት ነው፤ ለዚያውም በጨዋታ!

ጨዋታው እንዲህ ነው። አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ይከባል። አንዱ አጫዋች ይሆንና «ጫካ ውስጥ ናችሁ፣ ከፊታችሁ የተዘጋ በር አለ፣ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። ሌሎቹ አንዱ ወታደር፣ አንዷ ጠንቋይ፣ አንዱ ሌባ ሆነው ይመልሳሉ። ያሰቡት ይሳካ አይሳካ ደግሞ ዳይስ፣ ማለት ባለ ነጥብ ጠጠር፣ ተጥሎ በወጣው ቁጥር ይለያል። ልብስ ሰፊው ሰባት ዓመት ሙሉ፣ እሁድ እሁድ ከምሳ በኋላ፣ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል፣ ጨርቅ በሚቆርጥበት ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ሲያጫውት ኖሯል። ታሪኩን ከራሱ ጭንቅላት አፍልቆ በአሥራ አንድ ደብተር ጽፎታል። «ተገዝቶ የመጣ ታሪክ የሰው መነጽር ነው፤ ብታደርገውም አያሳይህም» ይል ነበር።

አንድ ሰሞን ጉንፋን ጣለውና ሦስት እሁድ ከአልጋ ሳይነሳ ቀረ። ተጫዋቾቹ፣ ማለት ፋርማሲስቷ ሚስቱ፣ ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካዩና ኤሌክትሪሻኑ፣ ግራ ገባቸው። ይሄኔ አራተኛዋ ተጫዋች፣ የሚስቱ እህት፣ «እኔ ላጫውታችሁ?» አለች። መዝገብ ቤት ነው የምትሠራው። ሰው ፊት መናገር ይጨንቃታል፤ ቀልድ ስትጀምር መጨረሻው ይጠፋታል። ስልሳ ገጽ የማትሞላ፣ «የግድቡ ጠባቂ» የምትል የታተመች የጨዋታ መጽሐፍ ገዝታ መጣች። ከነካርታዋ፣ ከነሰዎቿ፣ አንድ ሰው ተጨንቆ ተጠቦ ያሰናዳት።

ሰውየው ድኖ ሲመለስ ወንበሩ ተይዞ ጠበቀው።

«ጋሼ፣ ይቺን እንጨርስና ያንተን እንቀጥላለን፤ አንተም ግባ፣ አብረን እንጫወት» አለችው ልጅቷ።

«ኧረ እናንተ ጨርሱ፣ እኔ ሥራ አለብኝ» አለ ፈገግ ብሎ።

ደግሞ በማግስቱ ቁርስ ላይ ሚስቱ ብቻዋን መሳቅ ጀመረች።

«ምኑ ነው እንዲህ የሚያስቀው?»

«ትላንት ከተማውን ትተን በጀልባ ሄድን። መጽሐፉ ላይ ከከተማው መውጣት የሚባል ነገር የለም እኮ! እሷ ግን ሂዱ አለችን።»

«እኔስ መቼ ከለከልኳችሁ?»

«አንተ ስታጫውትማ ድልድይ ይሰበራላ! አንተ ያላሰብክበት ቦታ ልንሄድ ስንል ድልድዩ ይሰበራል። በሰባት ዓመት አንድ ድልድይ ተሻግረን አናውቅም። ፀጉር አስተካካዩ ምን እንደሚልህ ታውቃለህ? ‹ይሄ ሰውዬ የመንገድ ሚኒስትር ቢሆን አልቆልን ነበር።›»

«ቢያንስ የራሴ ነው!» አለ ድምፁ ከፍ ብሎ። «እሷ የምታነበው የሰው ነው።»

«ኮት ስትቆርጥ በተገዛ የወረቀት ፓተርን አይደለም እንዴ የምትቆርጠው? ታዲያ ኮቱ የማን ነው?»

ቁርሱን ትቶ ወደ ሱቁ ሄደ። በክርክር የተረታ ቀናተኛ ደግሞ አያድርስ ነው።

ሐሙስ ዕለት ልጅቷ ቀሚስ ልታሳጥር መጥታ ቦርሳዋን ረስታ ሄደች። መጽሐፏ በቦርሳው አፍ ብቅ ብላለች። ልብስ ሰፊው ግራና ቀኝ አየ፤ መዘዛት። የደንበኛ ሱሪ ማሽኑ ላይ እንደተሰካ ትቶ፣ ስህተት ልፈልግባት ብሎ፣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበባት።

ስህተት አላገኘም። ያገኘው ሰዎች ነው። ጀልባ ቀዛፊው ምን እንደሚፈራ ተጽፏል። ዳቦ ጋጋሪዋ ለማን እንደምትዋሽ ተጽፏል። ሠላሳ ዓመት ሰው አጠገቡ ያላስደረሰው የግድቡ ጠባቂ ምን እንደሚናፍቀው ተጽፏል። ከየበሩ ጀርባ ያለው ነገር ሁሉ አለ፤ ማን የትኛውን በር እንደሚከፍት ግን የትም አልተጻፈም። የእሱ ደብተር ላይ «እዚህ ጋ ሁሉም ያለቅሳሉ» የሚል መስመር አለ፤ ከሥሩም ሁለቴ ተሰምሮበታል። አንድ የማያውቁት ሰው ልፋቱን ቀድሞ ስለለፋላት፣ የልጅቷ ሥራ ቁጭ ብሎ ሰው መስማት ሆነ። ታሪኩም የእሷ ስላልሆነ ሲያበላሹባት አንጀቷ አይቆረጥም። ይሄ ሁሉ ገባው። ወይ ነዶ! ሲገባው ቅናቱ የሚበርድለት መስሎት ነበር፤ ጭራሽ ባሰበት።

እሁድ ሲደርስ፣ «እሺ፣ ልጫወት» ብሎ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሁሉም ተደሰቱ። የእሱ ሐሳብ ግን ሌላ ነው፤ እንቆቅልሹን ሁሉ ቀድሞ እየፈታ ጨዋታዋን አፈር ሊያስግጥላት። ነጋዴ ሆነ። ከግድቡ ሥር ወዳለው ዋሻ ገቡ።

«ውሃው ጉልበታችሁ ደርሷል» አለች ልጅቷ። ዓይኗ ከመጽሐፉ ይልቅ እነሱ ላይ ነው። «ጨለማ ነው። ምን ታደርጋላችሁ?»

«ደወሉን ሦስት ጊዜ እደውላለሁ» አለ ልብስ ሰፊው።

ኤሌክትሪሻኑ ዞሮ አየው። «የምን ደወል?»

ደወሉ ገና ሁለት ክፍል ይቀረዋል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ! ልብስ ሰፊው ጆሮው ሲግል ተሰማው።

«ገመትኩ እንጂ። ግድብ ያለ ደወል ይኖራል?»

«ሦስት ጊዜ ብለህ ገመትክ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

ሚስቱ ዳይሱን አስቀመጠች። «አንብበኸዋል» አለች።

«አንብቤዋለሁ» አለ።

ልጅቷ ትቆጣለች ብሎ ጠብቆ ነበር። ምነው በተቆጣች! መጽሐፉን ከደነችና ድምፏ እየተቆራረጠ፣ «ጋሼ፣ ሰባት ዓመት አጫውተኸኛል፤ አንተ ግን አንድ ቀን ተጫውተህ አታውቅም። ይቺን ስገዛ ጠባቂውን አንተ ስታገኘው ፊትህን ላይ ብዬ ነበር» አለችው። «አሁን ምን ላድርግህ? ያነበበ አይጫወትም።»

ማንም አልተከራከረለትም፤ ደብተሮቹን እንዳያነቡበት ብሎ ይህን ሕግ ያወጣው እሱ ራሱ ነበርና። የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን ጣለ። ወንበሯን ሊነጥቅ ሄዶ የራሱን ወንበር አጣ።

በሚቀጥለው እሁድ እነሱ ክፍሏን ከሱቁ ከሚለየው መጋረጃ ወዲያ፣ እሱ ከመጋረጃው ወዲህ ማሽኑ ላይ ሆኑ። የሱሪ እግር እያጠፈ ይሰፋል። ማየት አይችልም እንጂ ሁሉን ይሰማል። ደወሉን አገኙት፤ ሃያ ደቂቃ ተከራክረው ደወሉት። በሩ ተከፈተ። «ጠባቂው ጢሙ መሬት እየጠረገ ቆሟል፤ ጦሩን ወደ እናንተ አዞረ» ስትል ሰማ። ልብስ ሰፊው በልቡ ገጹን ገለጠ፤ ወይ ይዋጉታል፣ ወይ ያታልሉታል።

«እኔ ሰይፌን እመዛለሁ» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

ልብስ ሰፊው ራሱን ነቀነቀ። ጠብቆት ነበር።

«መዝዤ አሳየውና ‹አባቴ፣ ይቀመጡ፣ ጢምዎን ልላጭልዎ› እለዋለሁ።»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ዳይሱ ጠረጴዛው ላይ ሲንከባለል ተሰማ። ከዚያ የልጅቷ ድምፅ ዝግ ብሎ መጣ። «ጦሩን ግድግዳ ላይ አስደገፈ። ሰው ከነካው ሠላሳ ዓመቱ ነው። ድንጋዩ ላይ ተቀመጠና አገጩን ቀና አደረገ።»

ይሄ የትኛውም ገጽ ላይ የለም። ልብስ ሰፊው ማሽኑን አቁሞ፣ መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንደቆመ፣ ጆሮውን ወደ መጋረጃው አዘነበለ። ቅናቱ አላስችል አለው።

«እሺ፣ ከዚያስ?» ብሎ ጮኸ።

«ዝም ብለህ ስፋ!» አለች ሚስቱ ከወዲያ።

እግሩን ፔዳሉ ላይ አደረገ። ግን አልረገጠውም፤ የማሽኑ ጩኸት መልሱን እንዳይሸፍንበት።