የተቀየረው ዲስክ

ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ከዚያ ጸጥ። ከዚያ እንደገና ቀጭ።

ማሽኑን ሳበራው የሰማሁት ድምፅ ይህ ነው። ሲኒማ ራስ ጀርባ፣ ደረጃ ሥር ባለች ሱቄ ዘጠኝ ዓመት ኮምፒዩተር ጠግኛለሁ፤ ሲሞት የሰማሁት ዲስክ ስፍር ቁጥር የለውም። ይሄኛውን ግን አውቀዋለሁ። ባለፈው ሐሙስ በገዛ እጄ የሰካሁት ነው።

ሳላድበሰብስ ልናገር። እትዬ አመተ ሥላሴ የአንድ ትምህርት ቤት ሪከርድ ክፍል ሠራተኛ ናቸው። ሐሙስ ዕለት "ሙራድ ልጄ፣ ተንቀራፈፈብኝ" ብለው ማሽኑን አመጡልኝ። ማሽኑ አሮጌ ነው፤ ውስጡ ያለው ዲስክ ግን በቅርብ የተገዛ፣ ገና ምንም ያልሆነ። ዓይኔ አረፈበት። በዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ወደ አንድ ያረጀ ዲስክ ገለበጥኩና፣ ያረጀውን ሰክቼ ማሽኑን መለስኩላቸው። ደህናውን ቅዳሜ ከሰዓት ያገለገለ ኮምፒዩተር ለሚነግደው ለጥጋቡ ሸጥኩት። ማሽኑ ይከፈታል፣ ፋይሉ በቦታው አለ፣ ባለቤትየዋ አመስግነው ይሄዳሉ። በእኛ ተራ ይህን የሚያደርግ እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ጮክ ብሎ የሚናገረው ግን የለም።

ይኸው ሰኞ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ፣ እትዬ አመተ ሥላሴ ማሽኑን አሸክመው ተመልሰው መጥተዋል። ዓመቱ ሁለት ሺህ፣ ወሩ ጥር ነው። ማሳያው ጥቁር ሆኖ "ዲስክ ሪድ ኤረር" የሚል አንድ መስመር ብቻ ጽፎ ቆሟል።

"ምን ይላል?" አሉኝ፣ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ እንዳቀፉ።

"ዲስኩን ማንበብ አቃተኝ ነው የሚለው። ኬብሉ ይሆናል።"

ኬብሉ በሆነ ብዬ ስንት ተመኘሁ! ኬብሉን ቀየርኩ። የመብራቱን ገመድ በሌላ ተካሁ። ዲስኩን አውጥቼ ከራሴ ማሽን ጋር አያያዝኩት፤ ማሽኔ ጭራሽ ዲስክ መኖሩንም አላወቀም። በጎኑ አቆምኩት፣ ገልብጬ አስተኛሁት። ቀጭ፣ ቀጭ።

"የአሥረኛ ክፍል ተፈታኞች ዝርዝር ነው እኮ ውስጡ ያለው" አሉ። "መቶ ሰማንያ ስድስት ልጅ። ስማቸው፣ ፎቷቸው፣ የሚፈተኑት ትምህርት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስጽፈው ከርሜ ረቡዕ ጨረስኩ። ዛሬ ጠዋት ላትመው ስከፍተው እንዲህ ሆነ። ምዝገባው ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል።"

"ካልደረሰስ?"

"ያልተመዘገበ ልጅ አይፈተንም። ለከርሞ ነው።"

ሞቷል ብል ያልቅ ነበር። አሮጌ ማሽን ነው፣ ዲስክ ይሞታል፣ ማን ይጠይቀኛል? ዓይኔን በጨው አጥቤ አልኩትም።

"እትዬ፣ ዲስኩ ሞቷል።"

ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር፤ ለጭቅጭቅ ማንም አያህለኝም። እሳቸው ግን ስልካቸውን አውጥተው ለትምህርት ቤታቸው ዳይሬክተር ደወሉ። "የኔ ጥፋት ነው" ሲሉ ሰማኋቸው። "ሌላ ኮፒ መያዝ ነበረብኝ። ልጆቹን ሰብስቡልኝ፤ እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ።"

አንጀቴን በሉት። ተናደድኩም። በራሴ ላይ መናደድ አልለመድኩምና መጀመሪያ በሳቸው የተናደድኩ መስሎኝ ነበር።

"እትዬ፣ እዚህ ይቀመጡ። አንድ ሰዓት ብቻ ይስጡኝ፤ ማንም ማሽኑን እንዳይነካ" ብያቸው ወጣሁ። የሸጥኩት ዲስክ ላይ ዝርዝሩ እንዳለ ነበር፤ ሳላጠፋው ነው የሸጥኩት። ለጥጋቡ ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። እግሬ አውጪኝ አልኩ።

የጥጋቡ ሱቅ ወደ ምን አለሽ ተራ መግቢያው ላይ ነው። በደህና ቀን አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ የዚያን ዕለት ግን አንድ ትልቅ መኪና መንገዱ መሃል ቆሞ ጭነት ያራግፋል፣ ተሸካሚው "ዞር በል! ዞር በል!" እያለ ይገፋኛል፣ ጋሪው እግሬ ላይ ይወጣል። ጥጋቡ ለራስ ምታትም ፎርማት የሚያዝ ሰው ነው። ዲስክ እጁ ከገባ መጀመሪያ የሚያደርገው ውስጡ ያለውን ጠራርጎ ማጥፋት ነው። ተስፋዬ ትናንት እሑድ መሆኑ፣ ሱቁም ተዘግቶ መዋሉ ብቻ ነበር።

ስደርስ ጥጋቡ ባንኮኒው ላይ አንድ ማሽን ገጣጥሟል፤ አጠገቡ ጥቁር ኮት የለበሰ ደንበኛ ቆሟል። ማሳያው ሰማያዊ ነው። ያንን ሰማያዊ አውቀዋለሁ፤ ዊንዶውስ ሲጫን ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ላጥፋው ወይ ብሎ የሚጠይቅበት ነው። የጥጋቡ ጣት ቁልፉ ላይ ነበር።

"ተው!" አልኩና ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩት።

"አብደሃል እንዴ አንተ?"

"ውስጡ ያለው ቅዳሜ የሸጥኩልህ ዲስክ ነው?"

"ቢሆንስ? አንተ ሸጥክልኝ፣ እኔም ሸጥኩት። ሰውየው አውቶቡስ ሊያመልጠው ነው" ብሎ ገመዱን ሊሰካ ጎንበስ አለ።

"ሌላ አመጣልሃለሁ፤ ከዚህ የተሻለ።"

"አምጣና እንነጋገራለን።" ሰካው።

ላብ አጠመቀኝ። ፋይል ረስቼበት ነው አልኩት፤ ሳቀብኝ። በአላህ ብዬ ለመንኩት፤ አልሰማኝም። በጉልበት እንዳልል ጥጋቡ የኔን ሁለት እጥፍ ነው። ማሳያው ቀስ እያለ ተመልሶ ሰማያዊ ሆነ። ያኔ የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ እንደሆነ ገባኝ።

"የተሰረቀ ነው" አልኩ፣ ወደ ደንበኛው ዞሬ። "ይሄ ዲስክ የተሰረቀ ነው፣ ጋሼ። የሰረቅኩት እኔ ነኝ። ባለቤቷ አሁን ሱቄ ተቀምጠው እየጠበቁኝ ነው።"

ከጎን ቆርቆሮ ይቀጠቅጡ የነበሩት ሰዎች መዶሻቸውን አቆሙ። ከየሱቁ አንገቱን ያላወጣ አልነበረም። ደንበኛው እጁን ከባንኮኒው ላይ ቶሎ አነሳ። "የሌባ ዕቃ ይዤ ፖሊስ ጣቢያ አልመላለስም" ብሎ መንገዱን ቀጠለ።

ጥጋቡ ዲስኩን ፈታና ደረቴ ላይ ገፍቶ አስታቀፈኝ። "ባንተ የተነሳ ዛሬ ሁላችንም ሌባ ተባልን። ሁለተኛ ይህን ደጅ እንዳትረግጥ።"

"አጥፍተኸዋል ወይስ አላጠፋኸውም?"

"ዞር በል ከፊቴ!"

በዚህ መልስ ተመለስኩ። ዲስኩን ሸሚዜ ውስጥ አቅፌ፣ የሚገፋኝን ሁሉ በክርኔ እየተከላከልኩ ሱቄ ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው። እትዬ አመተ ሥላሴ ከተቀመጡበት አልተነሱም፤ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ወዲያው ሰካሁት። አበራሁት።

ማሽኑ አሰበ። አሁንም አሰበ። ከዚያ ዲስኩን ልፈትሸው ብሎ መቁጠር ጀመረ፤ ሦስት ከመቶ፣ አራት ከመቶ። ሠላሳ አንድ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ትንፋሼን ያዝኩ። እሳቸው ክንዴን ጨምድደው ይዘውኛል፣ ጥፍራቸው ይሰማኛል። ሠላሳ ሁለት።

ሲከፈት ፋይሉን ያገኙት እሳቸው ናቸው። ስሞቹን ጮክ ብለው ያነቧቸው ጀመር፤ ሀፍሷ፣ ሱሀይር፣ ዘመንፈስቅዱስ። ፎቶዎቹም አሉ። መጨረሻው ላይ ወርደው "መቶ ሰማንያ ስድስት" አሉና ዓይናቸው እንባ ሞላ። ወዲያው ፍላሽ ላይ ገለበጥኩላቸው፤ ፍላሹን በመዳፋቸው ጨበጡት።

"እጅህን ይባርክልኝ! ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ! ምን አድርገህ ነው ያዳንከው?"

የነገርኳቸው ጨዋ ስለሆንኩ አይደለም። ተራው ሙሉ ሰምቷል፤ ነገ ከሌላ አፍ ቢሰሙት ይብሳል ብዬ ነው። ምርቃቱንም መሸከም አቃተኝ። ሐሙስንም ቅዳሜንም፣ ጥጋቡንም፣ ሁሉንም ነገርኳቸው።

ሰዓታቸውን አዩ። ተነስተው ይሄዳሉ ስል ወደተከፈተው ማሽን ጠጋ አሉና በጣታቸው ወደ ውስጥ አመለከቱ።

"ይሄ የኔ ነው?"

"ማዘርቦርዱ ነው፣ እትዬ። የርስዎ ነው።"

"ይሄስ?"

"መብራት የሚሰጠው ክፍል ነው። የርስዎ ነው።"

"ይሄስ?"

ጣታቸው ሚሞሪው ላይ ነበር። ሐሙስ ዕለት እሱንም በትንሽ ሚሞሪ ቀይሬዋለሁ። ረስቼው አይደለም፤ ማን ይጠይቀኛል ብዬ ነው ከኑዛዜዬ ያስቀረሁት።

ሁለቱንም ማሽኖች አጥፍቼ የራሴን ጎኑን ከፈትኩ። የሳቸው ሚሞሪ እዚያ ነው ያለው። አውጥቼ ቦታው መለስኩት። የምገባበት ጠፋኝ።

"ሌላስ?" አሉ።

"ሌላ የለም።"

"ልመንህ?"

ክዳኑን አጠበቅኩና ማሽኑን እስከ ታክሲው ልሸከምላቸው ስነሳ፣ "ተወው፣ አንተ አትንካው" አሉኝ። ወደ ደጅ ወጡና በመንገድ የሚያልፍ አንድ የማያውቁትን ተሸካሚ ጠርተው ማሽኑን ለሱ አሸከሙት።