የሎሂካርሜ አመጣጥ

መምህር ታቬቲ ኬምፓይነን በካይኑ አውራጃ ሠላሳ ዓመት ሲያስተምር ልጆቹ የሚወዱለት አንድ ትምህርት ነበረው። ክንፋሙ ዘንዶ በአገሩ ቋንቋ «ሎሂካርሜ» ይባላል፤ «ሎሂ» ሳልሞን ዓሣ፣ «ካርሜ» ደግሞ እባብ። መምህሩም ሳልሞን ውጦ ስለ ገዘፈ እባብ ከራሱ የፈጠረውን ተረት ያወራላቸዋል።

አንድ ቀን የዐሥራ ሦስት ዓመቱ ልጁ ኦይቫ እጁን አወጣ። ክፍል ውስጥ አባቱን «አባባ» ማለት ክልክል ነበር።

«መምህር፣ ቃሉ ከዓሣ የመጣ አይመስለኝም።»

«ታዲያ ሊቁ ከምን መጣ ይላሉ?»

«ከስዊድኖች። የኛ አፍ ከቃል ፊት የተደራረበ ድምፅ አይችልም። የባሕር ዳርቻ የሚሉበትን ‹ስትራንድ› ‹ራንታ› አልነው። በድሮ ስዊድንኛ ‹ፍሎግ› መብረር ነው፤ ቄሱ ቤት መጽሐፍ ላይ አይቻለሁ። ‹ፍ›ን ጥለን ‹ሎሂ› አልነው። የሚበር እባብ ማለት ነው።»

ታቬቲ ሳቀ። «እንግዲህ ዓሣችን ክንፍ አበቀለላችሁ» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ከዚያ ወዲያ ልጆቹ ኦይቫን «ክንፋሙ ዓሣ» እያሉ ይጠሩት ጀመር። እሱም ዳግመኛ እጁን አላወጣም፤ ቤት ውስጥም ሲጠይቁት ብቻ የሚመልስ ልጅ ሆነ። በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ጦርነት ወሰደው። አስከሬኑ በሣጥን መጥቶ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ተቀበረ።

ታቬቲ ጡረታ ከወጣ በኋላ ሄልሲንኪ ላሉ የቋንቋ አጥኚዎች ደብዳቤ ጻፈ። ምን እንደጠየቃቸው ለማንም አልተናገረም። መልሱን ያመጣችው ላይና የምትባል ፖስታ አዳይ ነበረች፤ ከኦይቫ ጋር አብራ የተማረች። ዓይኑ ደክሞ ስለነበር እንድታነብለት ለመናት።

«ቃሉ ከጥንት ስዊድንኛ የተወረሰ ነው» ብላ አነበበች። «ፊተኛው ክፍል መብረርን ያመለክታል። ከዓሣው ጋር ዝምድና የለውም።»

ሽማግሌው ወደ እሷ ዞረ።

«ያን ቀን ክፍል ውስጥ ነበርሽ?»

«ነበርኩ፣ መምህር። እኔም ስቄያለሁ።»

«እናንተማ ያኔ ልጆች ነበራችሁ። ያሳቅኋችሁ እኔ።»

ላይና ደብዳቤውን አጠፈች። «ከክፍል ስንወጣ ኦይቫ ከእንጨት ክምሩ ኋላ ሆኖ አለቀሰ። ለአባባ እንዳትነግሪ አለኝ።»

በማግስቱ ታቬቲ በበረዶው ላይ ምርኩዝ እየተደገፈ ትምህርት ቤት ሄደና ከአዲሷ አስተማሪ ጠመኔ ለመነ። ቃሉን ጻፈ፤ ሥሩንም አንድ በአንድ አስረዳ።

«ይህን ያወቀው ኦይቫ ኬምፓይነን ነው» አለ። «አስተማሪው ግን ተሳስቶ ነበር።»

ከፊት የተቀመጠች ልጅ፣ «ኦይቫ እዚህ ይመጣል?» ብላ ጠየቀችው።

«አይመጣም፣ ልጄ።»

አስተማሪዋ ጠመኔውን ቀስ ብላ ተቀበለችው።