የደምሴ የውሃ ተራ

የእርሻ ጎረቤታችን ሚስባህ የደወለልኝ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ቢሮ ሳለሁ ነው። ሰላምታው እንደ ወትሮው ረጅም ነበር። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ሥራዬ፣ ስለ ወልድያ ብርድ ከጠየቀ በኋላ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እት ፍሬ፣ ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው ብዬ ነው። ቅዳሜ የውሃ ስብሰባ አለ። ከስብሰባው በፊት ተራ ይጠራል። የደምሴ ስም ተጠርቶ አሁንም ዝም ከተባለ፣ ተራው ለሁልጊዜው ይነሳል።»

«ተነስቶ ለማን ይሆናል?»

«ለተከታዩ ነዋ።»

«ተከታዩ ማነው?»

«እኔ ነኛ!» ብሎ ሳቀ። «ወላሂ የደወልኩትም ለዚሁ ነው። ኋላ ሚስባህ ውሃዬን ሰረቀኝ እንዳትይ።»

አመስግኜው ስልኩን ዘጋሁ።

ከመርሳ ወጣ ብሎ፣ ወደ ግራና ከተማ በሚወስደው በኩል፣ ሟቹ ባለቤቴ ደምሴ የተከላቸው ብርቱካኖች አሉ። የሚጠጡት ከወንዙ ተጠልፎ በቦይ የሚመጣውን ውሃ ነው። በዚያ ቦይ ላይ የሚጠራው የቆፋሪው ስም ነው። ቦዩ ሲቆፈር ጉልበቱን ያዋጣ ሰው ተራ አለው፤ ቢሞትም ስሙ አይሰረዝም። ተራው ሲደርስ የውሃ አባቱ፣ ውሃውን የሚያከፋፍሉት ሽማግሌ፣ ጠለፋው አጠገብ ቆመው ስሙን ይጠራሉ። ባለቤቱ በሕይወት ከሌለ ሚስቱ ወይም ልጁ «አለሁ!» ብለው ይመልሳሉ። የሚመልስ ከጠፋ ውሃው ወደሚቀጥለው ሰው ያልፋል።

ጥቅምት ላይ ሄጄ ነበር። ሽማግሌው «ደምሴ!» ብለው ሲጠሩ ቦዩ ዳር ቆሜያለሁ። ሦስቴ ጠሩ። አፌን አልከፈትኩም። ውሃው ወደ ሚስባህ ሽንኩርት ሄደ፤ እኔም ሚኒባስ ይዤ ወደ ወልድያ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ አልሄድኩም።

የክረምቱ ዝናብ ዛፎቹን እስከ ኅዳር ድረስ ደግፏቸው ነበር። አሁን የካቲት ነው። ያለ ውሃ እስከ ፋሲካ አይቆዩም።

በማግስቱ ዓርብ፣ በሃያ አንድ፣ የማርያም ማኅበራችን ውባለም ቤት ነበር። ማኅበርተኞቹ አብዛኞቻችን በዞኑ መሥሪያ ቤቶች የምንሠራ ነን። ልማዳችን ቀላል ነው፤ ወር ሙሉ አንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል እናነባለን፤ ስንገናኝ እያንዳንዳችን ያንን ቃል በቤታችንና በሥራችን የት እንዳገኘነው እንናገራለን። የዚያ ወር ክፍል ዘፍጥረት ሃያ ስድስት ነበር፤ የይስሐቅ ጉድጓዶች። ይስሐቅ ውሃ ሲያወጣ የአገሩ እረኞች «የእኛ ነው» ይሉታል፤ ትቶላቸው ሌላ ይቆፍራል፤ በዚያም ይጣሉታል፤ እንደገና ትቶ ይሄዳል። በመጨረሻ ማንም ያልተጣላበት ሰፊ ቦታ ያገኛል።

ጾም ስለሆነ የቀረበው ዳቦና የሽምብራ ቅቅል ነበር። የሚመራን መምህር ሲራክ ጸሎት አድርሶ ዕድሉን ለይታገሱ ሰጠ። ይታገሱ የሂሳብ ባለሙያ ነው፤ ሁሉን ነገር የሚናገረው እንደ ሪፖርት ነው።

«ከጎረቤቴ ጋር በአጥር ስንጨቃጨቅ ዓመታችን ነው» አለ። «ይህን ካነበብኩ በኋላ የሚለውን ቦታ ተውኩለት። ሰላም ወርዷል። ሌላ ጉድጓድ መቆፈሩን ግን አልችልም፤ ወገቤን ያመኛል።»

ሳቅን። ተራው ወደ እኔ መጣ፤ ተዘጋጅቼበት ስለነበር አልተደናቀፍኩም።

«ቃሉ በቀጥታ እኔን ነው ያገኘኝ» አልኩ። «መርሳ በኩል የውሃ ተራ አለን። እኔ በሌለሁበት ጎረቤት ሲወስደው ቆይቷል። ነገ ደግሞ ጨርሶ ሊዛወር ነው። በውሃ ምክንያት ከሰው ጋር መካሰስ አልፈልግም። እንደ ይስሐቅ ትቼዋለሁ።»

«እግዚአብሔር ያክብርሽ» አሉኝ። መምህር ሲራክም ራሱን ነቀነቀ። ውባለም ብቻ ምንም ሳትል ዳቦውን መቁረሷን ቀጠለች።

ማኅበርተኛው ከወጣ በኋላ ዕቃ ላጥብላት ቀረሁ። ከውባለም ጋር አንድ ዶርም ኖረን ነው የተመረቅነው፤ ዝም ስትል ምክንያት አላት። ሳህን እያለቀለቀች፣ ፊቷን ሳታዞር ጠየቀችኝ።

«ይስሐቅ ጥሎ ሲሄድ ሌላ ቦታ ይቆፍር ነበር። አንቺ የት ቆፈርሽ?»

«ውቤ፣ ምሳሌ ነው።»

«ምሳሌ መሆኑንማ አውቃለሁ። የተጣላሽ ሰው ማነው? ይሄ ትናንት ደወለልኝ ያልሽኝ ሚስባህ ነው? ደውሎ ‘ነይና ተራሽን ውሰጂ’ የሚልሽ ሰው? እንዲህ ያለ ጠበኛ ለእኔም በሰጠኝ!»

«ተይኝ እስቲ።»

«እተውሻለሁ። ያንን ሳህን አቀብይኝ።»

አቀበልኳት። በር ድረስ ስትሸኘኝ ነጠላዬን አስተካከለችልኝ።

ቤት ገብቼ ክፍሉን እንደገና አነበብኩት። ወሩን ሙሉ ያነበብኩት እረኞቹ «ውሃው የእኛ ነው» ካሉበት ጀምሬ ኖሯል። ያን ዕለት ማታ ከፍ ብዬ ጀመርኩ። ከጠቡ በፊት ሌላ ነገር አለ። አብርሃም ከሞተ በኋላ የእርሱን ጉድጓዶች ፍልስጥኤማውያን በአፈር ደፍነዋቸው ነበር። ይስሐቅ ከሁሉ በፊት ያደረገው እነዚያን መልሶ ማስቆፈር ነው። አዲስ ስምም አላወጣላቸውም፤ አባቱ ይጠራቸው በነበረው ስም ጠራቸው።

ይስሐቅ የሰጠው የራሱን ጉድጓድ ነው፤ የአባቱን ግን አፈር ውስጥ አልተወውም። ትዕግሥቱ የመጣው ከቁፋሮው በኋላ ነው። እኔ ቁፋሮውን ዘልዬ ትዕግሥቱን ብቻ ወስጄ ነበር። የእኔን ጉድጓድ ደግሞ የደፈነው ፍልስጥኤማዊ አይደለም። ባለቤቴ ከተቀበረ ወዲህ ስሙን ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም፤ ሲጠራም ወይ ከክፍሉ እወጣለሁ ወይ ወሬ እቀይራለሁ። ቦዩ ዳር የሆነውም ይኸው ነበር፤ ለሰላም ብዬ የተውኩት ነገር አልነበረም።

ለጸሎት ቆምኩ። «ጌታ ሆይ፣ ነገ ሲጠራ የምመልስበት ድምፅ ስጠኝ» አልኩ። የምጨምረው አልነበረኝም። ከዚያ ቦቲ ጫማዬን ከአልጋው ሥር አውጥቼ በሩ አጠገብ አስቀመጥኩት።

ጠዋት መናኸሪያ ስደርስ ረዳቱ «መርሳ፣ ውርጌሳ! የሞላ!» እያለ ይጮሃል፤ ያልሞላ መኪና። መስኮት ዳር ተቀመጥኩ። ሲሪንቃን እስክናልፍ ድረስ በልቤ የምለማመደው አንድ ቃል ነበር። ከመርሳ በባጃጅ ሄጄ የቀረውን በእግሬ ወረድኩ።

ጠለፋው አጠገብ ሰው ተሰብስቧል። የውሃ አባቱ አባባ ሽፈራው ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ሚስባህ አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ መጣ።

«ማሻአላህ! ቦቲ አድርገሽ? ውሃ ማግኘትሽን ሳታውቂ?»

«ከሽንኩርትህ የተረፈ ካለ ብዬ ነው።»

«አትቀልጂ፤ ዛሬ ረመዳን የገባበት ቀን ነው፤ ጾመኛ አይቀለድበትም።»

«እኔም ጾም ላይ ነኝ።»

«ምን ጾም! ቁርስሽን በልተሽ ነው የመጣሽው» አለና ወደ ቦታው ተመለሰ።

አባባ ሽፈራው ዱላቸውን አነሡ። ወሬው ጸጥ አለ።

«ደምሴ!»

ሰው ሁሉ ውሃውን ያያል። እኔን የሚያየኝ አልነበረም፤ ሆን ብለው ይመስለኛል።

«ደምሴ!»

«አለሁ!»

ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ወጣ። አባባ ሽፈራው ወደ እኔ ዞሩና ዱላቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉ። ተራው ተያዘ ማለት ነው።

ሚስባህ ግን እጁን አነሣ። «አባባ ሽፈራው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እት ፍሬን እኔው ነኝ የጠራኋት፤ ሐቁን ግን ልናገር። ከጥቅምት ጀምሮ ውሃውን ሳጠጣ ከርሜ አዲስ ችግኝ ያፈላሁት እሱን ተማምኜ ነው። ቦይ ጠረጋ ስንወጣም እሷ አልነበረችም። ዛሬ መልሳ ነገ ወልድያ ብትቀርስ?»

እውነቱን ነው። አጉረምርመው የደገፉትም ነበሩ።

«ምን ትያለሽ?» አሉኝ ሽማግሌው።

«የተናገረው ልክ ነው» አልኩ። «ጠረጋ መቅረቴ ጥፋት ነው። ከእንግዲህ ጠረጋ ሲወጣ እወጣለሁ፤ ተራ ሲጠራም እዚሁ ቆሜ እመልሳለሁ። ተራውን ግን አልለቅም።»

«ሰው ትልኪያለሽ ወይስ ራስሽ?»

«ራሴ።»

«አካፋ ትችያለሽ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ዛሬ ታዩታላችሁ።»

ሳቁ። አባባ ሽፈራው አልሳቁም። «የመለሰ ይጠጣል፤ የጠጣ ይጠርጋል» አሉ። «አበቃ።»

ወደ ሚስባህ ሄድኩ። «የችግኝህ ነገር የእኔ ዝምታ ያመጣው ነው። ችግኝህ ሥር እስኪይዝ ድረስ ዛፎቼ ከጠጡ በኋላ የተረፈውን ውሃ ወደ አንተ እለቀዋለሁ።»

አገጩን አከከ። «የተረፈው ስንት ይሆናል?»

«እሱን ውሃው ይወስን።»

«አንቺ ልጅ፣ ገበያ ላይ አላገኝሽ!» አለ፤ ተስማምቷል ማለት ነው።

ከዋናው ቦይ ወደ ዛፎቼ የሚገባው ትንሽ ቦይ ግን ጠፍቶ ነበር። በደለል ተሞልቶ ሣር በቅሎበታል። ውሃው ቢለቀቅ የሚሄድበት የለውም። አካፋ ለምኜ ከአፉ ጀመርኩ። አፈሩ ከላይ ደረቅ፣ ከታች ጭቃ ነው። መዳፌ ቶሎ ተላጠ። ብርቱካኖቹ ቅጠላቸውን ጠቅልለው ይጠብቃሉ፤ ቀና ብዬ ላለማየት ሞከርኩ፤ መቆፈሬን ብቻ ቀጠልኩ።

ጥቂት ቆይቶ ከዛፎቹ በኩል የሌላ አካፋ ድምፅ ሰማሁ። ሚስባህ ከታች ወደ ላይ እየቆፈረ ይመጣል።

«ውሃዬን ተነጠቅሁ፤ አሁን ደግሞ ቦይ ቆፋሪዋ ሆንኩ!» ይላል ለራሱ፣ እኔ እንድሰማ። «እዚህ ጋ ደምሴ ድንጋይ አስቀምጦ ነበር፤ እንዳትነቅዪው፤ ውሃው እንዳይሸረሽር ነው።»

ስሙን ሲያነሳ ወሬ አልቀየርኩም። «የትኛውን?» አልኩት። በአካፋው ጫፍ አሳየኝ።

መሃል ላይ ስንገናኝ አባባ ሽፈራው ውሃውን ለቀቁልኝ። መጀመሪያ ገለባና አቧራ እየገፋ መጣ፤ የመጀመሪያው ዛፍ ሥር ሲደርስ መሬቱ እየዋጠው ቆመ፤ ከዚያ ሞልቶ ወደ ሁለተኛው አለፈ። የመጨረሻው ዛፍ እስኪጠጣ ድረስ እያንዳንዱን መስመር እየከፈትኩና እየዘጋሁ አብሬው ሄድኩ። አንዳንድ ቅርንጫፍ ደርቋል፤ ይቆረጣል። ግንዶቹ ግን በሕይወት አሉ።

ሽማግሌው ተራውን ሊያዞሩ በቦዩ ዳር መጡ። ዛፎቹን አዩ፤ ቦዩን አዩ፤ በመጨረሻ እጄን አዩ።

«ስብሰባው አሁን ነው» አሉ። «ከፈለግሽ ስሙን ወደ አንቺ እናዞረዋለን። ከዛሬ ወዲያ ‘ፍሬሕይወት’ ብዬ ልጥራ?»

«አይዙር፣ አባባ» አልኩ። «ደምሴ ብለው ይጥሩ። እኔ እመልሳለሁ።»

ራሳቸውን ነቀነቁና ዱላቸውን አነሡ። የሚስባህ ተራ የሚጠራው ከእኔ ቀጥሎ፣ ቦዩን በቆፈሩት በሟቹ አባቱ ስም ነው።

«አብዱልመሊክ!»

ሚስባህ ከብርቱካኖቼ መካከል፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ እንደሆነ፣ አካፋውን ወደ ላይ አንሥቶ ጮኸ።

«አለሁ!»