ከወንዙ ውጡ

በሬዲዮ ጣቢያው ስቱዲዮ ውስጥ ዘፈን እየሄደ ሳለ ዜና አንባቢዋ ለታናሽ ወንድሟ ደግማ ደወለች። ከወንዝ ውስጥ አሸዋ እያወጣ በጭነት መኪና የሚሸጥ ሰው ነው። ስልኩን ሲያነሳ ከጀርባው የአካፋ ድምፅ ይሰማ ነበር።

«ከዚያ ቦታ ውጣ» አለችው። «ከላይ በኩል ከባድ ነጎድጓድና ዝናብ ይጠበቃል። ጎርፍ ሊመጣ ይችላል።»

«እታለም፣ እዚህ እኮ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ባለፈውም እንዲሁ ብላችሁ ጃንጥላ ተሸክሜ የሰው መሳቂያ ሆንኩ።»

«ማሙሽ፣ እየቀለድኩ አይደለም።»

«ይቺን መኪና እንሙላና እንወጣለን» ብሎ ዘጋው።

የአየር ትንበያው ወረቀት ፊቷ ነበር። ‹በአንዳንድ የክልሉ አካባቢዎች› ይላል እንጂ ወንዝ አይጠራም። በመስኮቱ ስታይ ተራራው ጠቁሯል፤ ጫፉ ጠፍቷል። ነጎድጓዱ ገና አይሰማም፤ መብረቁ ብቻ ብልጭ ይላል።

አለቃዋ በሩን ገፋ አድርጎ ብቅ አለ።

«ወንዙን በስም ልጨምርበት?» አለችው።

«የተጻፈውን ብቻ አንብቢ። ሕዝብ አስደንግጠን ምንም ባይመጣ ማን ይጠየቃል?»

«ቢመጣስ?»

በሩን ዘግቶ ሄደ።

ቴክኒሻኑ ከመስታወቱ ማዶ ምልክት ሰጣት። ወረቀቱን በተለመደው ረጋ ያለ ድምፅ እስከ መጨረሻው አነበበች። ከዚያ ግን ዝም አላለችም።

«ወንዝ ውስጥ አሸዋ የምታወጡ ሰዎች፣ ሰማዩ ብራ ነው ብላችሁ አትዘናጉ። ዝናቡ ከላይ ነው። አካፋችሁን ጥላችሁ አሁኑኑ ውጡ። ማሙሽ፣ አንተንም ነው።»

ቴክኒሻኑ እጁን ወደ ማጥፊያው ሰደደ፤ ሳይነካው ቆየ። ስትጨርስ ዘፈን ለቀቀ።

ዘፈኑ ሳያልቅ ስልኳ ተንቀጠቀጠ።

«በመኪናው ሬዲዮ ስትጠሪኝ አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ሳቁብኝ» አለ ወንድሟ። ትንፋሹ ይቆራረጣል። «አፍሬ ነው የወጣሁት። እነሱም እያሾፉ ተከተሉኝ። ዳገቱ ላይ ሆነን ዞር ስንል ውሃው ቆመንበት የነበረውን ቦታ ጠረገው። መኪናዋን ወሰዳት።»

ስልኩን ወደ ጆሮዋ ጫን አደረገች። «ሁላችሁም ወጥታችኋል?»

«እኛ ወጥተናል። ከታች መታጠፊያው ጋ ያሉት ግን መስማታቸውን እንጃ። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶችም አሉ።»

አለቃዋ ፊቱ ተለዋውጦ ገባ። «ምን እንዳደረግሽ ታውቂያለሽ? ነይ ውጪ፣ ቢሮ እንነጋገር።»

«እመጣለሁ» አለችው።

ለቴክኒሻኑ ዘፈኑን እንዲያቆም በእጇ አመለከተችውና ወንበሯን ወደ ማይክሮፎኑ አስጠጋች።