አትቀስቅሷት

እኛ መሥሪያ ቤት የእረፍት ክፍል አለ። የሚያርፍበት ሰው ግን የለም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው።

ክፍሉ ድሮ የኛ ነበር። የኛ ስል የጽዳት ሠራተኞቹ ማለቴ ነው፤ የኔና የእታለም። ከደረጃው ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ናት። መወልወያና ባልዲ እናስቀምጥባታለን፣ ልብስ እንቀይርባታለን፤ ጥጉ ላይ ባለችው አሮጌ ስፖንጅ ደግሞ እታለም እግሯን ሰቅላ ግማሽ ሰዓት ትጋደምባታለች። ሰው ለምሳ ሲወጣ ጠረጴዛውን የምናጸዳው እኛ ስለሆንን የኛ እረፍት ከአምስት ሰዓት እስከ አምስት ተኩል ነው። እታለም እናቴን ታክላለች። አምስት ፎቅ ደረጃ ስትወለውል ሃያ ዓመት ሞላት፤ ጉልበቷ አብጦ ሐኪሙ በየቀኑ እግርሽን ስቀይ ብሏታል። ጡረታ ለመውጣት ሰባት ወር ነው የቀራት። ሰባቱን ወር በዚያች ስፖንጅ ልትሻገረው ነበር ሐሳቧ።

ከዚያ ተንፍሱ መጣች። የሠራተኞች ደኅንነት ኃላፊ ተብላ ነው የተቀጠረችው፤ ተንፍሱ የሚለውን ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ቀን ሠራተኛውን ሁሉ አዳራሽ ሰበሰበችና፣ "ራሱን ያልተንከባከበ ሰው ለሥራውም ለቤቱም አይሆንም። እስቲ ዓይናችሁን ጨፍኑ። ተንፍሱ" አለች። መቶ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሲተነፍስ እኔና እታለም ከኋላ ቆመን በየጫማቸው ያስገቡትን ጭቃ እናያለን።

"ልጄ፣ እስከ ዛሬ ሳይተነፍሱ ነው እንዴ የኖሩት?" አለችኝ እታለም።

በሳምንቱ ክፍላችንን ወሰዱብን። አረንጓዴ ተቀባች፤ አራት ትልልቅ ትራስ፣ የፕላስቲክ አበባ፣ የግድግዳ ሰዓትና የውሃ ድምፅ የሚያሰማ ማሽን ገባላት። እኛ ከነባልዲያችን መጸዳጃ ቤቱ ጋ ያለው ኮሪደር ደረሰን። እታለም ባልዲ ደፍታ መቀመጥ ጀመረች። ባልዲ ላይ ተቀምጦ ደግሞ እግር አይሰቀልም።

በሩ ላይ መዝገብ ተንጠለጠለ፦ ስም፣ የተገባበት ሰዓት፣ የተወጣበት ሰዓት፣ ምክንያት። መዝገቡን አርብ አርብ የሚያነበው ሥራ አስኪያጁ ራሱ ነው። ታዲያ ማን ዓይኑን በጨው አጥቦ "ደክሞኝ ነው" ብሎ ይፈርማል? ሰዉ በክፍሉ በኩል ሲያልፍ እርምጃውን ያፈጥናል። ቀኑን ሙሉ በስልክ የደንበኛ ስድብ የምትሰማው ልጅ እንኳ ሽንት ቤት ገብታ አልቅሳ፣ ፊቷን ታጥባ ትመለሳለች። ሽንት ቤቱ መዝገብ የለውማ።

ተንፍሱን ጨነቃት። ከዋናው መሥሪያ ቤት እንግዶች መጥተው ክፍሉን ሊያዩ ነው። ኮሪደር ላይ ጠራችኝና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "እህቴ፣ ጠዋት ስታጸጂ ትራሶቹን ጎድጎድ አድርጊልኝ፤ ሰው የተቀመጠባቸው ይምሰሉ" አለችኝ።

"በእጄ ነው በቂጤ?" አልኳት።

"እንደተመቸሽ" አለች፤ ቀልድ አታውቅም።

ሦስት ቀን ትራስ ስደበድብ ከቆየሁ በኋላ ብልጥ የሆንኩ መሰለኝ። "እታለም፣ አንቺ ተኚበት። አንቺም ታርፊያለሽ፣ ትራሱም ይጎደጉዳል። አምስት ተኩል ሲሆን እቀሰቅስሻለሁ" አልኳት። "ይቅርብኝ ልጄ፣ ኋላ ጣጣ ያመጣል" አለች። እጇን ይዤ ያስገባኋት እኔ ነኝ። ሁለት ሳምንት መዝገቡ ላይ ሳትፈርም እንዲህ ሆነ፤ የጉልበቷ እብጠት ጎደለ፣ ደረጃ ስትወለውልም ማንጎራጎር ጀመረች።

ሐሙስ ይመጣሉ የተባሉት እንግዶች ረቡዕ ከች አሉ። አምስት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ ሥራ አስኪያጁና ተንፍሱ ሦስት እንግዶችና ፎቶ አንሺ አስከትለው መጡና በሩን ከፈቱት። እታለም እግሯን ሁለት ትራስ ላይ ሰቅላ፣ ነጠላ ጫማዋን ጎን ለጎን አስቀምጣ፣ አፏን ከፈት አድርጋ ተኝታለች። እኔም ከኮሪደሩ ሮጬ ከኋላቸው ደረስኩ።

መነጽር ያደረገችው እንግዳ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። "ስንት ቅርንጫፍ ዞሬያለሁ፤ የእውነት የሚያርፍ ሰው ሳይ ገና ዛሬ ነው" አለች። ሥራ አስኪያጁ ፈገግ ብሎ፣ "እኛ ዘንድ እረፍት የሚጀምረው ከጽዳት ሠራተኞቻችን ነው" አላት። ፎቶ አንሺው ከላይ ከታች ማንሳት ያዘ። አምስት ተኩል ሲሆን ልቀሰቅሳት አንድ እግሬን ሳስገባ ተንፍሱ ክንዴን ያዘችኝ።

"አትቀስቅሷት" አለች በሹክሹክታ። እንግዶቹም "አትቀስቅሷት" አሉ። አሥር ደቂቃ ቆመው አዩዋት። እኔ ቂሏ መጥረጊያዬን ይዤ ደስ ብሎኛል።

ማክሰኞ ደብዳቤ መጣላት። "በሥራ ሰዓት ተኝተው በመገኘትዎ ተሰናብተዋል። ቅሬታ ካለዎት በአሥር ቀን ውስጥ ማስረጃ ይዘው ይቅረቡ" ይላል። እነሱ ለማስረጃ ያያያዙት ፎቶውን ነው። ከእታለም ራስ በላይ ያለው ሰዓት አምስት ከአርባ ይላል።

ቆሽቴ አርሮ ተንፍሱ ቢሮ ገባሁ። "አትቀስቅሷት ያሉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?"

"መጀመሪያ ተንፍሺ" አለችኝ። ተነፈስኩ። "እኔን የሚመለከተኝ እረፍቱ ነው፤ ሰዓቱ የአስተዳደር ጉዳይ ነው። ለመሆኑ ማን ነው እዚያ ያስገባት?" አለችና ብዕሯን አንስታ ጠበቀችኝ።

ሁለት ልጆች አሉኝ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ወደ በሩ ዞርኩ። "በርቺ፣ ራስሽን ተንከባከቢ" ብላ ሸኘችኝ።

ተንከባከብኩ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ራሴን ተንከባከብኩ። ነጠላ ጫማዋን ቤቷ ሳደርስላት እታለም፣ "ምነው ሳትቀሰቅሺኝ ቀረሽ?" አለችኝ። እውነቱን ብነግራት መስክሪልኝ ልትለኝ ነው። "እንቅልፍሽ አሳሳኝ" አልኳት። "እውነትሽን ነው፣ እንደዚያ ቀን ተኝቼ አላውቅም" አለች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ትናንት ፎቶዋን አሳድገው፣ መስታወት አልብሰው መግቢያው ላይ ሰቀሉት። "ሠራተኞቻችንን እንንከባከባለን" የሚል ጽፈውበታል። ሰዓቱን ቆርጠው አውጥተውታል። ዛሬ ጠዋት መስታወቱን ወልውዪ ተባልኩ። ወለወልኩት፤ የተኛ ፊቷ ላይ ጨርቅ ሳሳርፍ ራሴን ጠላሁት።

ትራስ አልደበደብኩም። መዝገቡን አወረድኩና ስሜን ጻፍኩ። ምክንያት የሚለው ቦታ ስላልበቃኝ ወደሚቀጥለው ገጽ አለፍኩ፦ "ያስገባኋት እኔ ነኝ። በሰዓቱ ልቀሰቅሳት ስል አትቀስቅሷት ብለው የያዙኝ ኃላፊዋ ናቸው፤ ሥራ አስኪያጁም ቆመው ያዩ ነበር።" ፈረምኩበት። ገጹን ቀድደው እንደሚጥሉት ስለማውቅ ያንኑ በሌላ ወረቀት ገልብጬ ኪሴ ከተትኩ።

ነገ አርብ ነው፤ መዝገቡ ይነበባል። የደብዳቤው አሥረኛ ቀንም ነገ ነው። አሁን ወረቀቱን ይዤ ወደ እታለም ቤት እየሄድኩ ነው። ተኝታ ከሆነ እቀሰቅሳታለሁ።