አምስት ጊዜ ከተሳሳቱ

«እኔን ነው ሌባ ያልሽኝ?» አልኳትና ስልኩን ባንኮኒው ላይ መለስኩላት።

«ሌባ ነዎት አላልኩም፣ እትዬ ጽጌ። ሌባ ይሁኑልኝ ነው ያልኩት። ለአምስት ደቂቃ ብቻ።»

«ለአምስት ደቂቃስ ቢሆን! እናትሽ ገበያ ስትወጣ የቤቷን ቁልፍ የምታስቀምጠው ማን ጋ ነው?»

ሰቢሪና ሳቋን ዋጠች። የጎረቤቴ ልጅ ናት፤ ኮምፒውተር ተምራ ተመርቃ ጎባ አንድ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ ጠዋት በሚኒባስ ሄዳ ማታ ሮቤ ትመለሳለች። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ነኝ። ከጋሪ ማቆሚያው ፊት ለፊት ባለችው ሱቄ ስልክ ቻርጅ አደርጋለሁ፤ መብራት ሲሄድ ጄኔሬተሬን አስነሳለሁ። ያን ቀን ዘመዴ ሁሉ ይበዛል።

«ስልኩ ጠፍቶ የማያውቁት ሰው እጅ ገባ እንበል» አለችኝ። «እርስዎ ያ ሰው ነዎት። እስኪ አፑን ይክፈቱት።»

አፑን የሠራችው ለእድራችን ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያለበት እድር ነው፤ አሥራ አራት ቤት። ለቅሶ ቤት ምግብ የማድረስ ተራ ሲምታታ አንድ ቀን ሦስት ድስት ምስር ይመጣል፣ በማግስቱ ባዶ። እሷ ተራውን ሁሉ በየሰዉ ስልክ ውስጥ ከታ ባለቤቱ በመረጠው አራት ቁጥር ቆልፋዋለች።

ሌባ ሆንኩላት። አንድ ሁለት ሦስት አራት ብዬ ነካሁ፤ እምቢ አለ። አራት ዜሮ፤ እምቢ። እሷ የተወለደችበትን ዓመት፤ ወንድሟ ሻፊ የተወለደበትን፤ ደግሞ የኔን። አምስተኛው ላይ ስክሪኑ ነጭ ሆነ።

«ምን አደረግኩት?»

«አጠፉት። ጥሩ ነው።»

«ማጥፋት ጥሩ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?»

«አምስት ጊዜ ከተሳሳቱ የስልኩ ባለቤት አይደሉም ማለት ነው። ስለዚህ ራሱን ባዶ ያደርጋል። እኔ ስልክ ይጠፋል ብዬ ነው የምሠራው፤ እንዳይጠፋ መጸለይ የእናቴ ሥራ ነው።»

«የምስር ወጥ ተራ ማን ይሰርቃል፣ ልጄ?» ብዬ ሳቅኩባት። ሰፈሩም ሳቀ። ጥቂት ቀን «የምስሯ ዘበኛ» እያልን ጠራናት።

ይህ የሆነው በሁለት ሺህ ስምንት መጨረሻ ነው። በዘጠኝ መጀመሪያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲወጣ የሚስቅ ሰው ጠፋ። የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ። የሰፈሩ ልጆች አንድ በአንድ ይወሰዱ ጀመር። ሻፊ ስሙ ከሚፈለጉት መሐል መጠራቱን ሰምቶ ከተማሪ ቤት በእርሻ ውስጥ አቋርጦ በእግሩ መጣ። ቤቱ ማደር አይችልም። እድራችን ስብሰባ እንኳ ሳይጠራ ተስማማ፦ በየቀኑ ከአሥራ አራቱ ቤት አንዱ ያሳድረዋል፣ ያበላዋል።

ተራውን ሰቢሪና ያዘችው። ጎባ ሆና በቴክስት ትልካለች፤ አፑ ተቀብሎ ይቆልፈዋል። ቴክስቱ ሲመጣ ትርጉም የሌለው ፊደል ነው፤ የሚነበበው አፑ በቁጥሩ ሲከፈት ብቻ ነው። በአፍ አይነገር፣ በወረቀት አይጻፍ አለች። እንደ ድሮው አልቀለድኩባትም።

ችግሩ የመጣው ከሃጂ ዘይነዲን ነው። ሰባ ዓመታቸው ነው፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጣታቸው ከቁጥሩ ይሰፋል። አንድ ቀን አምስት ጊዜ ተሳስተው ስልኩ ባዶ ሆነ። የዚያን ቀን ተራው የራሳቸው ነበር። እሳቸው ግን ሳያውቁ ቤታቸውን ዘግተው እህታቸውን ሊጠይቁ ሄዱ። ሻፊ የተዘጋ በር ስር ካፊያ ሲወርድበት አደረ። ለፈጅር ሶላት የወጡ ሰዎች ከንፈሩ ጠቁሮ አገኙት።

ሃጂ በማግስቱ ስልካቸውን ይዘው ሱቄ መጡ። ሰቢሪና ተራውን እንደገና ሞልታላቸዋለች።

«ጽጌ፣ ይሄ ነገር እንደ አማት ነው» አሉኝ። «ጥፋቴን ይቆጥራል።»

«እርስዎ ደግሞ ቀለል ያለ ቁጥር አይሰጡትም?»

«ሐጅ የሄድኩበት ዓመት ነው ያደረግኩት፤ በሂጅራ አንድ ሺህ አራት መቶ ሃያ ስምንት። ልቤ ያውቀዋል። ጣቴ ነው የሚረሳው። ወላሂ ያ ልጅ ዳግመኛ በኔ ምክንያት ውጭ ቢያድር፣ አላህ ፊት ምን እላለሁ?»

ይህን ሲሉ እጄ ሥራውን ጀምሮ ነበር። ቻርጅ ለማድረግ የሚመጣ ስልክ ሁሉ ጀርባው ላይ ነጩን የክሊኒክ ፕላስተር እለጥፍና የባለቤቱን ስም እጽፍበታለሁ፤ አለዚያ ሠላሳ ጥቁር ስልክ በምን ይለያል? «ሃጂ ዘይነዲን» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ደግሞ አራቱን ቁጥር፣ ደመቅ አድርጌ።

«አሁን ያዩታል?»

«ማሻ አላህ! አንቺን ነበር ማስተማር» አሉ።

ወሬው ለአዛውንቶቹ ደረሰ። ጂቱ መጣች፤ ባሏ ኢታና መጣ፤ ሌሎቹም። በሳምንቱ አሥራ አንድ ስልክ ላይ ጽፌ ነበር። ከዚያ በኋላ ማንም አልተሳሳተም፣ ሻፊም ውጭ አላደረም። ለሰቢሪና አልነገርኳትም፤ ትቆጣለች ብዬ። እሷ ስልኳን የምትሞላው ጎባ ስለሆነ አላየችም። እውነቱን ለመናገር በዘዴዬ ኮርቼ ነበር፤ ስምንተኛ ክፍል ምሩቅን ስታርም!

መብራት በሄደ በሦስተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ፣ ወታደሮች ሰፈሩን ይፈትሹ ጀመር። መደርደሪያዬ በስልክ ሞልቷል፤ ጄኔሬተሩ ይጮኻል። አንደኛው ጄኔሬተሩን ራሱ አጠፋው። ከዚያ አንድ ስልክ አነሳና ገለበጠው።

«ሃጂ ዘይነዲን» ብሎ አነበበ። ከሥሩ ያለውን አየው። ስልኩን ከፍቶ ቁጥር የሚጠይቀውን ፈለገ፤ አገኘው። አንድ፣ አራት፣ ሁለት፣ ስምንት። ቀጥሎ የጂቱን አነሳ። ቀጥሎ የኢታናን። አንዴም አልተሳሳተም።

«እናት፣ ጎበዝ ነዎት» አለኝ፤ ትሑት ልጅ ነበር። «ሁሉን በሥርዓት ነው የያዙት።»

የዚያን ቀን ተራው የኢታና ቤት ነበር። ከሱቄ አሥር ቤት አይርቅም። መጮህ እችል ነበር። የጋሪ ፈረሶቹን ሳይ ቀረሁ። ትንሽ ቆይቶ ጂቱ በባዶ እግሯ ስትሮጥ አየኋት፤ ከኋላዋ ሻፊን የጫነው መኪና ተነሳ።

አፑን ማን ሠራው ሲሉኝ አላውቅም አልኩ። ስልኮቹ ግን ያውቁ ነበር፤ ቴክስቱ ሁሉ የመጣው ከአንድ ቁጥር ነው። ሰቢሪናን ከሰዓት በኋላ ጎባ ከሥራ ቦታዋ አመጧት።

ሻፊን ወዴት እንዳዞሩት እስከ ዛሬ የነገረን የለም። እሷን ከከተማው ወጣ ባለ ግቢ አስቀመጧት። በሦስተኛው ሳምንት ምግብ ማስገባት ተፈቀደ፤ እናቷ አልጋ ይዛለችና ተራውን ሁሉ ለኔ ስጡኝ ብዬ ለመንኩ። እድሩ ሰጠኝ፤ ለምን እንደለመንኩ ያልገባው የለም።

ጠባቂው አጠገባችን ቆሞ፣ በሽቦው በኩል አየኋት። ከስታለች። እጇን በሻርፗ ሸፍናለች።

«ሻፊስ?»

ወሬ እንደሌለ ራሴን ነቀነቅኩ።

«እትዬ ጽጌ፣ ወታደሮቹ ስልኮቹን ሲከፍቱ እርስዎ እዚያ ነበሩ አይደል?» አለች ቀስ ብላ። «ስንት ጊዜ ሞከሩ?»

«አንድ ጊዜ።»

«የሁሉንም?»

«የሁሉንም።»

«አይሆንም እኮ» አለች። «በአንድ አይሆንም። ሦስት ሳምንት ሙሉ እያንዳንዱን መስመር በጭንቅላቴ እየጻፍኩ ነው። የቱ ጋ እንዳበላሸሁት ላገኘው አልቻልኩም። ወንድሜን ያስያዝኩት እኔ ነኝ፣ ግን የቱ ጋ?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይቻል ነበር። አልቻልኩም። የሃጂን ጣት፣ የልጁን ከንፈር፣ ነጩን ፕላስተር፣ አሥራ አንዱን ስልክ፣ መኩራቴን ሳይቀር ነገርኳት። ስጨርስ፣ ምግቡን ለመቀበል እጇን ስትዘረጋ ሻርፑ ተንሸራተተና አንጓዋ ዙሪያውን ተልጦ፣ ቁስሉ መግል ይዞ አየሁት።

ጠባቂው «በቃ» አለ።

«ነገ ምን ላምጣልሽ፣ ልጄ?» አልኳት።

አንጓዋን አየች፤ ከዚያ እኔን።

«ፕላስተር» አለችኝ። «ምንም ያልተጻፈበት።»